የላስቲክ ኩሬው ገመድ

ባለቤቴ ሳጥኑን በባጃጅ ጭኖ ያመጣው ቀትር ላይ ነበር። የሚሠራበት ሆቴል ባለቤት ዕቃውን እየሸጠ ነው። ለእንግዶች ልጆች ብሎ ያስመጣውን፣ ብዙም ያልተሠራበትን መዋኛ በርካሽ ሊለቅለት ተስማምቷል። መሬት የሚቆፈርለት ዓይነት አይደለም፤ በብረት እግሮች ላይ ቆሞ ላስቲኩ መሃሉ ላይ ይወጠራል። ባለቤቴ ግቢያችን ውስጥ ዘርግቶ ሊያሳየኝ ፈለገ። ከወደድኩት እንገዛዋለን፣ ካልወደድኩት ነገ ጠዋት ይመለሳል አለኝ። ውሃ በሳምንት አንድ ቀን በሚመጣበት ሰፈር መዋኛ ምን ያደርግልናል ስለው መልሱን አዘጋጅቶ ነው የመጣው፤ ልጆቹ ይጫወቱበታል፣ ቧንቧው ሲጠፋ ደግሞ ለልብስና ለጎመን ይሆናል። ልጃችን ሳጥኑን እየዞረች ትዘላለች። ሰባት ዓመቷ ነው።

የላስቲኩን እጥፋት ሲከፍተው ሽታው መጣ። ፀሐይ የነካው አዲስ ላስቲክ ሽታ ነው፤ ጋዝ ጋዝ የሚል፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር። በሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እሱ ሰማያዊውን ላስቲክ እየዘረጋ "እይው እስቲ" ይለኛል። እኔ የማየው ግን ሌላ ላስቲክ ነበር። ያኛው ጥቁር ነው።

ያን ዓመት ዘጠኝ ዓመቴ ይመስለኛል። መንደራችን ከይምርሐነ ክርስቶስ ወዲህ፣ ከላሊበላ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ላይ ናት። ውሃ የምንቀዳው ገደል ሥር ካለች አንዲት ምንጭ ነው። ሲነጋ እንወርዳለን፤ ወረፋ ይዘን፣ በጣሳ እየጨለፍን ሞልተን ስንመለስ ፀሐይ ጠንክራ ታገኘናለች። ቢጫውን ጀሪካን በነጠላ ቁራጭ ጀርባዬ ላይ አስሬ ነበር የምወጣው። ክዳኑ ስለማይገጥም በእያንዳንዱ እርምጃ ውሃው ወገቤ ላይ ይንጠባጠባል፤ እዚያ ላይ የማይድን እርጥብ ቁስል ነበረኝ። ዳገቱ ወገብ ላይ ማረፊያ ድንጋይ አለ። ከዚያ ላይ ሆነን ማዶ ያለውን የትምህርት ቤት ቆርቆሮ እናያለን። ደወሉ እንጨት ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው። ሲመታ ድምፁ ገደሉን ተሻግሮ ይመጣል፤ እኛም ልጆቹ ገቡ እንላለን።

እኛ የምለው እኔንና ብርቄን ነው። ብርቄ የጎረቤታችን የአያ ንጋቱ የልጅ ልጅ ናት። እናቷ ስትወልዳት ሞታ፣ አባቷ ሥራ ፍለጋ ወጥቶ ሳይመለስ ቀርቶ፣ ከሽማግሌው ጋር ብቻዋን ትኖራለች። ከእኔ በአንድ ክረምት ትበልጣለች። ቀጭን ናት፣ ሳቂታ ናት፤ ቀልድ ስትናገር ፊቷ ስለማይለወጥ እውነቷን ይሁን ቀልዷን አላውቅም ነበር። የምትለኝን ሁሉ አምናታለሁ።

በዚያ ዓመት በየቤቱ የላስቲክ ኩሬ ይቆፈር ተባለ። የልማት ሠራተኛው አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰውን ሰብስቦ አስረዳ። ጉድጓዱን ቤተሰቡ ይቆፍራል፣ ላስቲኩን መንግሥት ያቀርባል፣ የክረምቱን ጎርፍ አጠራቅሞ በበጋ መጠቀም ነው። ሰዉ አጉረመረመ። ለአትክልት የሚበቃ ጓሮ ማን አለው ያለ አለ፤ ወባ ይጠራብናል ያለም አለ። አያ ንጋቱ ተነስተው ምርኩዛቸውን ተደግፈው የተናገሩትን አስታውሳለሁ። ምንጭ የራሱ ጠባቂ አለው አሉ፤ እኛ ወደ እሱ ስንሄድ በሥርዓት እንሄዳለን፤ በር ላይ ያመጣነውን ውሃ ግን ማን ይጠብቀዋል? ሰው ሳቀ። የልማት ሠራተኛውም በትሕትና፣ "አባቴ፣ እርስዎ ይጠብቁታላ" አላቸው።

አባቴ ሳምንት ሙሉ ሲያወላውል ከረመ። ማታ ማታ ባቄላ እየፈለፈለ ከእናቴ ጋር ያወራል። መሬቱ ጠባብ ነው፣ ጓሮውን ጉድጓድ ከበላው ድንቹ የት ይተከላል? ካልተቆፈረ ደግሞ ቀበሌው ይቀየመናል። እናቴ ትሰማዋለች። አንድ ቀን ከምንጭ ስመለስ ጀሪካኑን ከጀርባዬ ስታወርድ ቀሚሴ ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ተገነጠለ። ጮኽኩ። ደሙን በመዳፏ ጠርጋ እጇን አየችው። ከዚያ እጇን ሳትታጠብ ወደ አባቴ ሄደችና "ይቆፈር። ይቺ ልጅ ትማር" አለች። በቃ፣ ውሳኔው ይኸው ነበር። እኔም ኩሬ ማለት ትምህርት ቤት ነው ብዬ ያዝኩት።

አያ ንጋቱ ሲቃወሙ ከርመው በወንፈሉ መጀመሪያ የመጡት እሳቸው ሆኑ። ለራሳቸው ለመቆፈር ጉልበት ስለሌላቸው፣ የእኛን አብረው ቆፍረው ውሃውን በጋራ እንድንጠቀም ተስማሙ። ግንቦቱን ሙሉ መሬቱ እንደ ድንጋይ ነበር። ከዚያ ላስቲኩ መጣ፤ አራት ሰው ተሸክሞ፣ ተጠቅልሎ፣ እንደ ሬሳ። ጉድጓዱ ውስጥ ሲዘረጉት ያ ሽታ መንደሩን ሞላው። ላሞቹ አፍንጫቸውን አንስተው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። እኔ መሬት ትንፋሽ ያጥራታል ብዬ ፈራሁና ዳር ዳሩን በእንጨት ልበሳላት ስሄድ አባቴ ጆሮዬን ይዞ መለሰኝ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ኩሬው ሞላ። የልማት ሠራተኛው መጥቶ አየና ሁለት ነገር አዘዘ። አንዱ አጥር ነው፤ አባቴ በእሾህ አጠረው። ሁለተኛው ገመድ ነው። ላስቲኩ ያሟልጫል አለ፤ ትልቅ ሰው እንኳ ቢገባ መያዣ ካላገኘ አይወጣም፤ እንጨት ተክላችሁ ቋጠሮ ቋጠሮ ያለው ገመድ ወደ ውስጥ ልቀቁ። አባቴ ወይራ አመጣና ዳር ላይ ተከለ። ከዚያ ቤት ገብቶ ከግድግዳው መስቀያ ላይ የቃጫውን ገመድ አወረደ።

እናቴ በሩ ላይ ቆመችበት። "እሱን ተው" አለችው።

ሌላ ይህን ያህል የሚረዝም ገመድ የለንም አላት። ደግሞስ ለውሃ ከዚህ የተሻለ የተባረከ ገመድ ከየት ይገኛል? እናቴ ጥቂት አሰበችና ከበሩ ገለል አለች።

ስለዚያ ገመድ መናገር አለብኝ። እናቴ ካገባች በኋላ አሥር ዓመት ልጅ አልወለደችም። የአባቴ ዘመዶች ሌላ እንዲያገባ ሲወተውቱት፣ እሱ እምቢ ብሎ በገና ላሊበላ ይዟት ወጣ። ቤተ ማርያም ግቢ ውስጥ ባለው፣ ላዩ ሣር በለበሰው አረንጓዴ ጠበል መውለድ ያልቻሉ ሴቶች ወገባቸውን በገመድ ታስረው ይጠመቃሉ። በዚያን ቀን ሰው በዝቶ ገመድ ስላነሰ አባቴ አህያ የጫነበትን፣ በገዛ እጁ የገመደውን ቃጫ ሰጠ። እናቴን በሱ አውርደው ሦስት ጊዜ ነክረው አወጧት። በዓመቱ እኔ ተወለድኩ፤ የማርያም ስጦታ ናት ብለው ማሪቱ አሉኝ። ገመዱ ከዚያ ወዲህ ጭነት አልታሰረበትም። እናቴ ቤት በጠረገች ቁጥር አቧራውን እያራገፈች፣ "በዚህ ገመድ ወርጄ አንቺን ይዤ ወጣሁ" ትለኝ ነበር።

እኔ ነገሩን እንደተነገረኝ ነበር የተረዳሁት። ከሣሩ በታች፣ አረንጓዴው ውሃ ሥር እግሬን አጥፌ ተቀምጬ እጠብቃት ነበር። እሷ በገመድ ወርዳ ክንዴን ይዛ አወጣችኝ። የማላስታውሰው ሕፃን ስለነበርኩ ነው። ከእኔ ሌላ ልጆች እዚያ ተቀምጠው እንደሚጠብቁም አልጠራጠርም ነበር።

መስከረም ላይ እኔና ብርቄ አንደኛ ክፍል ገባን። ለመጠጥ በሦስት ቀን አንዴ ምንጭ መውረድ አልቀረም፤ ለልብስ፣ ለከብትና ለችግኝ ግን ኩሬው አለ። የእኔ ቁስል ጠገገ። አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን እንቀመጣለን፤ አንድ እርሳስ በምላጭ ለሁለት ሰንጥቀን ነበር። ብርቄ ፊደሉን ከእኔ ቀድማ ያዘች። ስትጽፍ ምላሷን ታወጣለች። መምህራችን ስም ሲጠራ "አቤት" የምትለው ገና ስሟ ሳያልቅ ነው፤ ሌላ ሰው እንዳይቀድማት የፈራች ይመስል።

አስካለ የምትባል የክፍላችን ልጅ ነበረች። እናቷ በመስቀል ሰሞን ወለደችና አስካለ ሕፃን ለማዘል ቀረች። አንድ ጠዋት ትምህርት ቤት ስንሄድ ሕፃኑን አዝላ አጥር ሥር ቆማ አየኋት። ሰላም አላለችንም።

በዚያው ቀን ከብርቄ ጋር ችግኝ ልናጠጣ ኩሬው ዳር ቆመን ነበር። ብርቄ የገመዱን ጫፍ ውሃው ውስጥ አየችና ፊቷን ሳትለውጥ፣ "ይኸ ገመድ እዚህ ከሰነበተማ አንድ ወንድም ይዞ ይወጣል። አንቺም እንደ አስካለ ታዝያለሽ" አለችኝ።

ባልዲዋን አንስታ ሄደች። እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ። ውሃው ቀለሙ ተለውጦ አረንጓዴ እየሆነ ነበር፤ እናቴ እንደነገረችኝ እንደዚያኛው። ገመዱ የወረደበት ቦታ ላይ አረፋ ሲወጣ አየሁ። እንቁራሪት ይሆናል፤ ለእኔ ግን ሰው ይተነፍሳል።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ከትምህርት ቤት በፊት ገመዱን እየሳብኩ ጫፉን አያለሁ። የያዘው ሰው የለም። በማግሥቱ ይኖርስ እንደሆነ? እናቴ አንድ ቀን ጠዋት ጨርቅ ልታጥብ ሄዳ ሕፃን ይዛ ብትመለስ፣ ማን ያዝለዋል? በሕልሜ የቸርኬው ደወል ሲመታ እሰማና ጀርባዬ ላይ የሆነ ከባድ ነገር ስላለ መነሳት ያቅተኛል። ለእናቴ እንዳልነግራት ደግሞ ትመኘው እንደሆነ ፈራሁ። አንድ ልጅ ብቻ እንዳላት ሰዎች ሲነግሯት አንገቷን እንደምትደፋ አይቼ ነበር።

ጥቅምት ሲጋመስ አባቴ ባቄላ አጨዳ ለወንፈል ማዶ ሄደ። ውሃው በአትክልቱ ምክንያት እየወረደ፣ ዳሩ ላይ ጥቁሩ ላስቲክ ልጋግ ለብሶ ተጋልጦ ነበር። በዚያ ቀን ከትምህርት ቤት መልስ ገመዱን ከወይራው ፈታሁት። እርጥብ ስለነበረ ቋጠሮውን በጥርሴ ነው የፈታሁት። ቤት ይዤው ገባሁና ጓዳ ካለው የገብስ ጎታ ጀርባ ደበቅኩት። ከዚያ እጄን ታጥቤ እራቴን በላሁ። ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን ዛሬ ስጽፍ እንኳ የሚከብደኝ እሱ ነው፣ ደስ ማለቱ።

በማግሥቱ ብርቄን ስጠራት ሽንኩርቱን አጠጥቼ እደርስብሻለሁ፣ ቅደሚ አለችኝ። ቀደምኩ። መምህራችን ስም ሲጠራ የብርቄ ተራ ደረሰ። "አቤት" የሚል ጠፋ። መምህሩ ቀና ብሎ ባዶ ቦታዋን አየ። የቀረ ልጅ በማግሥቱ ይገረፋል። እኔ ተነሳሁና "እየመጣች ነው" አልኩ። ምልክት ሳያደርግባት አለፈ።

እሪታው የመጣው በዕረፍት ሰዓት ነው። ከእኛ መንደር በኩል ነው። ሁሉም ሮጠ፣ እኔም ሮጥኩ። ስደርስ አውጥተዋት ሣር ላይ አስተኝተዋት ነበር። አያ ንጋቱ እግሯ ሥር ተቀምጠው ነጠላቸውን በእግሯ ላይ ይስባሉ፣ ይስባሉ፤ የበረዳት ይመስል። እኔ ፊቷን ማየት ፈርቼ ኩሬውን አየሁ። ዳሩ ላይ ልጋጉ በጣት ተፍቆ ጥቁሩ ላስቲክ ወጥቷል። መስመር መስመር ነው። ወይራው እስከተተከለበት ድረስ ዞሮ ይሄድና እዚያ ይበዛል።

እናቴ ገመዱን ያገኘችው በሦስተኛው ቀን፣ ለለቅሶ ቤት ገብስ ልትሰፍር ጓዳ ስትገባ ነው። ይዛው ወጣችና ከፊቴ ቆመች። አልጮኸችም። ገና አልደረቀም ነበር፤ በእጇ ይዛው ጨመቅ አደረገችው።

"ለምን?" አለችኝ።

"ሌላ ልጅ እንዳታወጪ።"

ፊቷ ላይ ንዴት ስፈልግ ያየሁት ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ ስሙን አላውቀውም። ከዚያ ገመዱን ጠቀለለችና፣ "ማሪቱ፣ ይህን ለማንም አልተናገርሽም። ለእኔም አልነገርሽኝም" አለች።

በሰባተኛው ቀን ሽማግሌዎች አውድማው ላይ አውጫጭኝ ተቀመጡ። በአገራችን ያልታወቀ ነገር ሲኖር መንደሩ ሁሉ ይሰበሰባል፤ ያወቀ እንዲናገር እያንዳንዱ ተራ በተራ ይጠየቃል፣ ይምላል። ገመዱ ለምን አልነበረም? አባቴ አጨዳ ላይ እንደነበር ማለ። ቀጥሎ የእናቴ ተራ ሆነ። ከሴቶቹ መሃል ተነሳች። እኔ ቀሚሷን ይዤ ነበር፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቀች።

"ማርያምን፣ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ላሟን ላስርበት ብዬ ነው" አለች።

አባቴ ዞሮ አያት። ያ ገመድ ለላም ማሰሪያ እንደማይነካ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ዓይኑ እኔ ላይ ወረደና ዘጋው። ሽማግሌዎቹ ወደ አያ ንጋቱ ዞሩ። ካሳ ይጠይቃሉ ብሎ ሁሉም ጠበቀ። እሳቸው ምርኩዛቸውን እያዩ፣ "ጉድጓዱን እኔም ቆፍሬዋለሁ" አሉ። እናቴ ሄዳ እግራቸው ላይ ስትወድቅ በሁለት እጃቸው አነሷት።

አባቴ በዚያው ሳምንት ኩሬውን ደፈነው። ላስቲኩን ቆራርጦ ድርቆሽ ሸፈነበት፤ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ያ ሽታ ይነሳል። እኔ ወደ ጀሪካኔ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት የሄድኩት ምንጭ በማልወርድባቸው ቀናት ብቻ ነው። እንደዚያም እያልኩ ሦስተኛ ክፍል ደረስኩና ቀረሁ። ቁስሉ በዚያው ቦታ ተመልሶ ወጣ። ሲቆረቁረኝ እንኳ ደስ ይለኝ ነበር፣ የሚገባኝ መስሎኝ።

እናቴ ከዚያ ቀን ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ቅጥሩ ውስጥ አትገባም ነበር። የደብራችን ታቦት ማርያም ናት። በወር በወሩ በሃያ አንድ፣ ሌሎቹ ጫማቸውን አውልቀው ሲገቡ እሷ ከውጭ፣ ከዝግባው ሥር ግንቡን ተደግፋ ትቆማለች። የነፍስ አባታችን ወጥተው "ጥሩዬ፣ ግቢ እንጂ" ሲሏት ጎንበስ ብላ መስቀላቸውን ትሳለማለች፣ አትገባም። እኔ እግሯን አሟት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ውስጥ መቀመጫ ድንጋይ እንዳለ ነገርኳት። "እዚህ ይሻለኛል፤ አንቺ ግቢ፣ ለእኔም ለምኝልኝ" አለችኝ። ገባሁ፤ እግዜር እግሯን እንዲምርላት ለመንኩ። በሐሰት የማለችባትን ደጅ መርገጥ እንዳልደፈረች የገባኝ እኔ ራሴ እናት ከሆንኩ በኋላ ነው። ገመዱን መስቀያው ላይ መልሳዋለች፤ ቤት ስትጠርግ ግን አቧራውን አታራግፍም። በዚህ ወርጄ አንቺን ይዤ ወጣሁ ብላኝም አታውቅም። ሌላ ልጅም አልወለደች።

ባለቤቴ ላስቲኩን ዘርግቶ ብረቶቹን ገጣጥሞ ጨርሶ ነበር። ከመሬት በላይ ነው፣ ከእኔ ወገብ አያልፍም፤ አይተሽው የለ ይለኛል፣ ምኑ ያስፈራል? የመውጫው መሰላል የት ነው አልኩት። ሳጥኑን ገለበጠው። መሰላሉ የለም፤ ሆቴሉ ውስጥ ሳይሰበር አልቀረም አለ። ከዚያ የልጃችንን ፊት አይቶ በፍጥነት፣ "ችግር የለውም፣ ገመድ እናስርላታለን" አለኝ።

ይመለስ አልኩት። ምክንያቱን ጠየቀኝ። አሥር ዓመት አብሬው ስኖር ያልነገርኩትን እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ነገርኩት። ቀና ብዬ ሳላየው፣ ስለ ብርቄ፣ ስለ ገመዱ፣ ስለ ጎታው ጀርባ፣ ስለ እናቴ መሐላ። እሱ ጎንበስ ብሎ ብረቶቹን አንድ በአንድ መንቀል ጀመረ። ላስቲኩን ሲያጥፍ ጫፉን ያዝኩለት።

ልጃችን መጫወት ትታ ከኋላዬ ቆማ ስትሰማ ኖሯል። መዋኛው ቀረ ብላ ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ። አላለቀሰችም።

"እማዬ፣ ብርቄ ማን ናት?" አለችኝ።

ስሟን በሕፃን አፍ ሲጠራ ከሰማሁ ስንት ዘመኔ ነው።

"ስሟ ሲጠራ እየመጣች ነው ያልኩላት ልጅ ናት" አልኳት።